ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ሳንባ በቤት ውስጥ፦ ለወላጆች ደረጃ በደረጃ የተዘጋጀ መመሪያ

ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ከጽኑ ሕክምና ክፍል ወጥቶ ቤት ሲገባ ደስታውና ፍርሃቱ አብረው ይመጣሉ። ሳምንታትን በኦክስጅን ያሳለፈ ከሆነ ደግሞ ወላጆቹ «ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም አለበት» የሚል ቃል ሰምተው ነው የሚወጡት። በሕክምና ስሙ ብሮንኮፐልሞናሪ ዲስፕሌዥያ፣ በአጭሩ ቢፒዲ ይባላል። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል በነርስነት ስሠራ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ ሳይጠይቁኝም ቢያውቁት የምመኘውን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

በመጀመሪያ ሳንባው ምን እንደሆነ በአጭሩ እንይ። ሕፃን በማኅፀን ሳለ ሰርፋክታንት የተባለውን፣ የአየር ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ የሚያደርገውን ቅባት መሰል ፈሳሽ ማምረት የሚጀምረው በ24ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። በቂ የሚሆነው ግን 34 ወይም 35 ሳምንት ሲሞላው ነው። ከዚያ ቀድሞ ከተወለደ አየር ባስወጣ ቁጥር ከረጢቶቹ ይጣበቃሉ፤ መልሶ ለመክፈት በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይታገላል። በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተካሄደ ጥናት ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት 45 በመቶ ያህሉን የቀጠፈው ይኸው ችግር ነበር።

ሲፓፕ (በአፍንጫ በኩል አየር በግፊት የሚሰጥ መሣሪያ)፣ ኦክስጅንና ቬንቲሌተር (በቱቦ የሚያስተነፍስ ማሽን) ሕይወቱን ያተርፉለታል። ሆኖም የአየር ግፊቱም፣ የበዛ ኦክስጅንም፣ ኢንፌክሽንም ያልበሰለውን ሳንባ ያቆስሉታል። ከእናቱ የመጨረሻ የወር አበባ ሲቆጠር 36 ሳምንት ሞልቶትም ኦክስጅን ወይም ሌላ የመተንፈሻ ድጋፍ የሚያስፈልገው ከሆነ ቢፒዲ አለበት ይባላል። ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጹት የስታንፎርዱ ሐኪም ዊልያም ኖርዝዌይና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ዛሬ በብዛት የሚታየው ከ28 ሳምንት በፊት በተወለዱ ሕፃናት ላይ ነው።

ሳንባ ከወሊድ በኋላም አዳዲስ የአየር ከረጢቶችን ይሠራል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት። ቢፒዲን ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ የሚያሽለው እድገት ነው። የወላጅ ሥራ ይህን እድገት ከሚያደናቅፉት ነገሮች መጠበቅ ነው፤ እነሱም ጭስ፣ ኢንፌክሽን፣ የኦክስጅን ማነስና የምግብ ማነስ ናቸው።

1. ከሆስፒታል ሳትወጡ

የመውጫው ቀን ሲነገራችሁ አትቸኩሉ። በስንት ሳምንቱና በስንት ግራም እንደተወለደ፣ ስንት ቀን በሲፓፕ ወይም በቬንቲሌተር እንደቆየ፣ አሁን ያለው ክብደት፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ፣ ተኝቶና እየጠባ ሳለ የተለካው የደሙ የኦክስጅን መጠን፣ የመድኃኒቶቹ ስምና ልክ፤ ይህን ሁሉ በጽሑፍ ተቀበሉ። መድኃኒቱ በሚሊ ሊትር ይጻፍላችሁ። በማንኪያ አይለካም፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ነርሷ ፊት ራሳችሁ ቀድታችሁ አሳዩ። ሕፃኑ ክብደት ሲጨምር ልኩም ሊቀየር ስለሚችል በየቀጠሮው አስከልሱት።

ዓይኑና ልቡ መታየታቸውን ጠይቁ። ኦክስጅን የወሰደ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የዓይን መጋረጃው የደም ሥሮች ሊጎዱ ይችላሉ፤ በወቅቱ ካልታየ እስከ ዓይነ ስውርነት ያደርሳል። ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ ከተወለደ 4 ሳምንት ገደማ ሲሆነው ይጀመራል፤ ሆስፒታሉ ባይነግራችሁ እንኳ እናንተ ጠይቁ። የልብ አልትራሳውንድ የሚታየው ደግሞ የሳንባው የደም ግፊት ከፍ ማለቱን ለማወቅ ነው።

ትንፋሹ እየተቋረጠ ካስቸገረ ካፌይን ወይም አሚኖፊሊን ሲሰጠው ቆይቶ ይሆናል። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ትንፋሹ ሳይቋረጥ የተወሰኑ ቀናት መቆየቱን አረጋግጡ። ካፌይን የሚለውን ስም የሰሙ አንዳንድ ቤተሰቦች ቡና በጠብታ ሊሰጡ ያስባሉና በግልጽ ልናገር፦ ቡና ለሕፃን አይሰጥም፤ መድኃኒቱንም አይተካም።

የሚቻል ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ሕፃኑን ራሳችሁ እየተንከባከባችሁ እዚያው እደሩ። ትንፋሽ ሲቆም የሚደረገውን ርዳታ ቢያንስ ሁለት ሰው፣ ለምሳሌ እናትና አያት፣ በአሻንጉሊት ላይ ይለማመዱት።

2. የልጃችሁን ትንፋሽ እወቁ

ሕፃኑ ተኝቶ ወይም ተረጋግቶ ሳለ ልብሱን እስከ ጡቱ ግለጡ። መብራቱ ከጎን በኩል ይሁን፤ ከላይ የሚመጣ ብርሃን የጎድን አጥንቱን እንቅስቃሴ ይደብቃል። ደረቱና ሆዱ አንዴ ከፍ ብሎ ሲወርድ አንድ ትንፋሽ ነው። ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ቶሎ ቶሎ ተንፍሶ ለጥቂት ሰከንድ ጸጥ ስለሚል ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል።

በጤና ጣቢያ የሚሠራበት መለኪያ ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር ላለው 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው ይላል። የሳንባ ሕመም ያለበት ሕፃን ግን ደህና በሆነበት ቀንም ከዚህ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ጠዋትና ማታ ቆጥራችሁ በደብተር ጻፉ። የሁልጊዜው 58 የሆነ ልጅ አንድ ማታ 75 ቢሆን ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ፤ ሐኪሙም ደብተሩን አይቶ ነገሩ ይገባዋል።

ከቁጥሩ ሌላ ቦታ ቦታውን ተመልከቱ። የታችኛው ደረቱ አየር ሲያስገባ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? የአፍንጫው ቀዳዳ ይከፈታል? ጭንቅላቱ ከትንፋሹ ጋር ይነቀነቃል? አየር ሲያስወጣ ያቃስታል? ጥቁር ቆዳ ባለው ሕፃን መጥቆር ወይም ወደ ሰማያዊ መለወጥ በፊት ላይ ቶሎ አይታወቅም፤ የከንፈሩን ውስጥ፣ ምላሱንና ድዱን እዩ።

ትንሽ መሰርጎድ የዘወትር ጠባዩ የሆነ ልጅም አለ። ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪሙ ባለበት ደረቱን በስልክ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ፤ በኋላ ስትጠራጠሩ ታወዳድሩበታላችሁ።

3. ቤቱን ከጭስ አጽዱ

ብዙ አስቸጋሪ ውይይት የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ጭስ ከምግባችንም ከእንግዳ አቀባበላችንም ጋር የተሳሰረ ነውና። የማገዶና የኩበት ጭስ፣ ከሰል፣ ኩራዝ፣ እጣን፣ ሰንደል፣ የሚቆላ ቡና፣ የትንኝ ማባረሪያ ጭስ፣ ሲጋራና ሺሻ ሁሉም የሕፃኑን የአየር ቧንቧ ያሳብጣሉ። የከሰል ጭስ ስለማይታይ ብዙዎች «ከፍም ከሆነ በኋላ ችግር የለውም» ይላሉ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ግን ፍሙ ሽታ የሌለውና የሚገድል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ለሙቀት ተብሎ ሕፃኑ በሚተኛበት ክፍል የከሰል ምድጃ ፈጽሞ አይግባ።

ወጥ ቤቱ የተለየ ከሆነ በሩ ይዘጋ፤ ሕፃኑ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ምድጃ ዳር አይሂድ። አንድ ክፍል ብቻ ካላችሁ ምግቡ ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሠራ፤ የማይቻል ከሆነ ጭስ በሚበዛበት ሰዓት ሕፃኑ ጎረቤት ቤት ይቆይ። መብራት ባለበት አካባቢ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለዚህ ቤተሰብ ቅንጦት አይደለም፤ ዘመድ ስጦታ ላምጣ ሲል ከሕፃን ልብስ ይልቅ እሱን ንገሩት። ቡናው ይፈላ፤ መቁላቱ ግን ከቤት ውጭ ይሁን፣ እጣኑም ይቅር። የሚያጨስ ሰው ደጅ አጭሶ ቢመለስም ጭሱ በልብሱ ላይ አለ፤ ልብሱን ቀይሮ፣ እጁን ታጥቦ ይቀፈው።

አራስ ለመጠየቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚመጣውን ሰው መመለስ ለእናት ከባድ ነው። ይህን ሸክም አባት ወይም አያት ይውሰዱት። «ሐኪም ሰው እንዳይበዛበት ስላዘዘ ነው፤ ሲጠነክር ቤታችሁ እናመጣዋለን» ማለት ማንንም አያስቀይምም። ጉንፋን ያለበት ሰው፣ ሕፃናትም ጭምር፣ ክፍሉ ውስጥ አይግቡ። ክርስትና በ40 ወይም በ80 ቀን የሚደርስ ከሆነ አስቀድማችሁ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ሕፃኑ ኦክስጅን ላይ እንዳለ፣ ብርድና የእጣን ጭስ እንደሚጎዳው ንገሯቸው። በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ የምታደርጉ ቤተሰቦችም እንግዳው በአንድ ክፍል፣ ሕፃኑና እናቱ በሌላ ይሁኑ።

4. ኦክስጅን በቤት

ኦክስጅን ይዞ የሚወጣ ሕፃን የሚያስፈልገው በጣም ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ በደቂቃ ከግማሽ ሊትር በታች። ስለዚህ የፍሰቱ መቆጣጠሪያ ከ1 ሊትር በታች ያሉትን ክፍልፋዮች የሚያሳይ መሆን አለበት። የአዋቂ መቆጣጠሪያ ተሰጥቷችሁ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት አስቀይሩት።

ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን አጣርቶ የሚሰጠው መሣሪያ) የሚሠራው በመብራት ነው፤ መብራት ደግሞ ይጠፋል። አንድ ሲሊንደር ለመጠባበቂያ ያስፈልጋል፤ ስንት ሰዓት እንደሚቆይም አስቀድማችሁ አስሉ። ሲሊንደሩ በውኃ ቢሞላ የሚይዘውን ልክ በሊትር፣ በግፊት መለኪያው (ጌጁ) ላይ በባር በሚታየው ቁጥር አባዙት። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 150 ባር ካሳየ 1,500 ሊትር ኦክስጅን አለው። ሕፃኑ በደቂቃ ግማሽ ሊትር የሚወስድ ከሆነ 3,000 ደቂቃ፣ ማለትም 50 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ላይ አንድ አራተኛውን ቀንሱና በቀረው ተማመኑ፤ ግማሽ ሲደርስ አስሞሉ።

ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ እሳትን ግን ያባብሳል። ከመሣሪያውና ከሕፃኑ በ3 ሜትር ውስጥ ምድጃ፣ ሻማ፣ ጧፍ፣ ክብሪት አይኑር። ኦክስጅን ያገኘው ቅባት በቀላሉ ይቀጣጠላልና ፊቱን ቫዝሊን አትቀቡት፤ አናቱ ላይ ቅቤ ማድረግም ይቅር። የአፍንጫው ቆዳ ከደረቀ በውኃ የተሠራ ቅባት ከፋርማሲ ጠይቁ። ሲሊንደሩን አቁማችሁ ከግድግዳ ጋር እሰሩት። ኮንሰንትሬተሩን ከግድግዳና ከመጋረጃ አራቁት፤ ማጣሪያውን በየሳምንቱ በሳሙና አጥባችሁ በደንብ ሲደርቅ መልሱ።

ቱቦውን ጉንጩ ላይ ስትለጥፉ መጀመሪያ ለስላሳ ፕላስተር ቆዳው ላይ አድርጉ፣ ቱቦውን በላዩ አሳልፉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ፕላስተር አልብሱት። ቱቦው ሲቀየር የሚላቀቀው የላይኛው ብቻ ስለሚሆን ጉንጩ አይላጥም። ትርፉን ቱቦ አንገቱ ላይ እንዳይጠመጠም በልብሱ ውስጥ አሳልፋችሁ ወደ እግሩ በኩል አውጡት።

የኦክስጅን መለኪያው የሕፃን መሆን አለበት፤ እግሩ ወይም መዳፉ ላይ የሚጠቀለለው። የአዋቂ የጣት መለኪያ በሕፃን ላይ የውሸት ቁጥር ይሰጣል። ሐኪሙ ዒላማውን ይጽፍላችኋል፤ በብዙ ቦታ ከ92 ወይም ከ93 በመቶ በላይ ነው። መለኪያዎቹ በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርገው ሊያነቡ እንደሚችሉም ተረጋግጧል፤ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ልጁ ደህና ካልመሰላችሁ ልጁን እመኑ። ተኝቶ፣ ነቅቶና እየጠባ ለኩት። ሲጠባ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። በራሳችሁ ኦክስጅኑን አትቀንሱ፣ አታቋርጡም፤ «እንዳይለምድበት» የሚባለው መሠረት የለውም።

5. ማጥባትና ክብደት

ይህ ሕፃን ለመተንፈስ ብቻ ብዙ ጉልበት ያወጣል፤ ስለዚህ ከሌላው የበለጠ ምግብ ይፈልጋል፣ ግን ከሌላው ቀድሞ ይደክማል። የእናት ጡት ወተት የመጀመሪያ ምርጫ ነው። እየጠባ ካላበው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ጡቱን እየለቀቀ ከተኛ ከጡቱ አንሥታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ሲረጋጋ ቀጥሉ። አንድ ማጥባት ከ30 ደቂቃ በላይ አይቆይ፤ የቀረውን አልባችሁ በሲኒ ስጡት። በሲኒ ሲሰጥ ሕፃኑ ቀና ብሎ ይቀመጣል፤ የሲኒው ጠርዝ የታችኛውን ከንፈሩን ነክቶ ወተቱ ከንፈሩ ላይ ብቻ ይደርሳል፤ ልጁ በምላሱ እየላሰ ይወስዳል። ወደ አፉ ማፍሰስ ወይም በእጅ ማጠጣት ወተቱን ወደ ሳንባው ይልከዋል።

ቅቤ ማስዋጥ፣ የአብሽ ውኃ፣ ጤና አዳም አይሰጡ። ሳንባ የገባ ቅቤ ለወራት የማይለቅ የሳንባ ምች ያስከትላል። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስነቀል ደግሞ ደምና ኢንፌክሽን ይዘው ይመጣሉ። አያቶች ይህን የሚሉት ከፍቅር ነው፤ ስለዚህ በቀጠሮ ቀን ይዛችኋቸው ሂዱና ሐኪሙ ራሱ ያስረዳቸው።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሚዛን፣ ራቁቱን አስመዝኑት። በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መጨመር ጥሩ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልጨመረ ሳንባው እየታገለ እንደሆነ አስቡ፤ አንዳንዴ መፍትሔው ወተት ሳይሆን በእንቅልፍ ሰዓት የሚጨመር ጥቂት ኦክስጅን ነው። የታዘዘለትን አይረንና ቫይታሚን ዲ አታቋርጡ።

6. አተኛኘትና አስተቃቀፍ

የካንጋሮ እንክብካቤ ኦክስጅን ላይ ላለ ሕፃንም ይሠራል። እርቃኑን፣ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ በእናቱ ወይም በአባቱ ደረት ላይ ይታቀፋል፤ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ አገጩ ቀና ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይመክራል። ሲተኛ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ይሁን። በአንቀልባ ጀርባ ላይ ማዘል ይቆይ፤ አገጩ ደረቱን ሲነካ የአየር ቧንቧው ይታጠፋል፤ እናትም ፊቱን አታየውም። አጥብቆ መጠቅለልም ደረቱ እንዳይሰፋ ያደርጋል።

7. ክትባት

ክትባት የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው። «ገና ትንሽ ነው» ተብሎ አይዘገይ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች ትክትክንና የሳንባ ምች የሚያመጣውን ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ስለሚከላከሉ ለዚህ ልጅ ከማንም በላይ ያስፈልጉታል። በአሜሪካና በበርካታ የአውሮፓ አገሮች ያላችሁ ወላጆች አርኤስቪ ከተባለው፣ የመተንፈሻ አካልን ከሚያጠቃው ቫይረስ የሚከላከለውን ኒርሴቪማብ የተባለ መርፌ ጠይቁ፤ ቢፒዲ ያለባቸው ሕፃናት በሁለተኛው የብርድ ወቅትም ሊወስዱት ይችላሉ።

8. አደጋ ሲመጣ

ማቃሰት፣ ከወትሮው የባሰ መሰርጎድ፣ መጥባት አለመቻል፣ ትኩሳት ወይም የሰውነት መቀዝቀዝ፣ መፍዘዝ፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ እስኪነጋ አትጠብቁ። የሳል ሽሮፕም ሆነ የቀረ አንቲባዮቲክ አትስጡ።

ትንፋሹ ከ20 ሰከንድ በላይ ከቆመ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ጀርባውን በመዳፋችሁ አሹ፣ የእግሩን መርገጫ በጣታችሁ መታ መታ አድርጉ። አትነቅንቁት። ካልተነፈሰ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስተኙት፤ አፉንና አፍንጫውን አንድ ላይ በአፋችሁ ሸፍናችሁ፣ ጉንጫችሁ ውስጥ ያለችውን ያህል አየር ደረቱ ከፍ እስኪል እፍ በሉ፤ በተማራችሁት መሠረትም ቀጥሉ። ሌላው ሰው በዚያው ጊዜ አምቡላንስ ይጥራ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው።

9. ጉዞና ከፍታ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያንሳል። ድሬዳዋ ያለ ኦክስጅን ደህና የነበረ ልጅ አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ሲመጣ ሊያስፈልገው ይችላል። የአውሮፕላን ውስጥ አየርም እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ጋር የሚመጣጠን ነው። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ዘመድ ለመጠየቅ የምትመጡ ወላጆች ስለ በረራው ብቻ ትጠይቃላችሁ፤ በረራው ሰዓታት ነው፣ አዲስ አበባ ግን ሳምንታት። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ለሳንባ ሐኪማችሁ የምታርፉበትን ከተማ ከፍታ ንገሩ፤ አንዳንድ ማዕከላት ኦክስጅኑ የቀነሰ አየር ሰጥተው ልጁን ይፈትኑታል። አየር መንገዱን ቀድሞ ማሳወቅ፣ ስታርፉም ኦክስጅን ተዘጋጅቶ እንዲጠብቃችሁ ማድረግ ያስፈልጋል።

10. ክትትልና ከኦክስጅን መላቀቅ

እድገቱን ስትመዝኑ ቀድሞ የመጣበትን ጊዜ ቀንሱ። በ28 ሳምንት የተወለደ ልጅ በ12 ሳምንት ቀድሟል፤ 5 ወር ሲሆነው ከ2 ወር ልጅ ጋር ነው የሚወዳደረው። ይህ ስሌት እስከ 2 ዓመት ይሠራል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ጉንፋን በያዘው ቁጥር ሲር ሲር ሊልና ሆስፒታል ሊመለስ ይችላል፤ ይህ ሲሆን ራሳችሁን አትውቀሱ። ማደንዘዣ የሚያስፈልገው ሕክምና ከታዘዘለት የሳንባውን ታሪክ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ኦክስጅኑን ሐኪሙ የሚቀንሰው ክብደቱ በደንብ እየጨመረ፣ ልኬቱም ለሳምንታት ከዒላማው ሳይወርድ ሲቆይ ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ነቅቶ ባለበት በቀን፣ በመጨረሻ በእንቅልፍ ይቋረጣል። ከተቋረጠም በኋላ መሣሪያውን ወዲያው አትመልሱ ወይም አትሽጡ፤ ቢያንስ ለ3 ወር፣ ወቅቱ ክረምት ከሆነ ደግሞ ክረምቱ እስኪወጣ ቤት ይቆይ። በእነዚህ ወራት በሳምንት አንድ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ለኩት፤ ጉንፋን ከያዘው ደግሞ በየሌሊቱ።